ያልመጣው ርዳታ፣ ያልተመለሰው ጦርነት፦ በሣራ ፊሊፕስ የሶማሊላንድ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ኮድቡር ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ከኢብራሂም ኮድቡር ነው፤ እኒህ የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ መኮንን በሚያዝያ 1983 ጥቂት ተዋጊዎችን መርተው ሐርጌሳ ውስጥ ወደነበረ የጦር ሰፈር በመግባት እስረኛ ጓዳቸውን አብዱላሂ አስከርን አስመልጠዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ሐርጌሳ ከገዛ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሚነሡ የሶማሊያው ገዥ የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ እንደ ሐርቲሼክ ባሉ የኢትዮጵያ መጠለያዎች ሰፈረ። ንቅናቄው በግንቦት 1991 ቡራኦ ላይ ሶማሊላንድ ራሷን የቻለች አገር መሆኗን ሲያውጅ ተመላሾቹን የጠበቃቸው ጣሪያ የሌለው ግድግዳና ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ነበር። ሐርጌሳ ዛሬ ቆማለች፤ ትነግዳለች፣ ዩኒቨርሲቲ ከፍታ ታስተምራለች፣ ወረፋ ይዛ ትመርጣለች።

ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የሆኑ ነገሮችን የሚቆጥር ነው፦ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ጎሳዎች ታረቁ፣ ጉባኤ ተጠራ፣ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሣራ ፊሊፕስ መልሱን የፈለጉት ግን ባልሆኑት ነገሮች ውስጥ ነው። በ2020 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል የወጣው መጽሐፋቸው፣ «ርዳታ ባልነበረ ጊዜ፦ ጦርነትና ሰላም በሶማሊላንድ»፣ በሁለት ያልሆኑ ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ያልመጣው የውጭ ርዳታ ነው፤ ሁለተኛው ያልተመለሰው የእርስ በርስ ጦርነት። ደራሲዋ ሁለተኛውን የመረመሩበት ጥበብ በአፍሪካ ቀንድ ላይ ከተጻፉ የቅርብ ዘመን ሥራዎች መካከል ጎልቶ የሚታይ ነው። የመጀመሪያውን ግን፣ ምንም እንኳ የመጽሐፉን ርእስ የያዘው እሱ ቢሆንም፣ ንድፉን ሳይጨርሱት ትተውታል ብዬ አምናለሁ። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ያልሆነን ነገር በሐሳብ ሠርቶ መመርመር ከምናብ ስለሚነሣ የድርሰት ሥራ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሳይንስ ግን ያለ እሱ አይራመድም። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ከባድና አንድ ቀላል ድንጋይ በሐሳቡ አጣብቆ ከከፍታ ይጥላቸዋል። ከባዱ ይፈጥናል የሚለው የአርስቶትል ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ የተጣበቁት ድንጋዮች ከከባዱ ብቻ ይልቅ ፈጣንም ዘገምተኛም በአንድ ጊዜ መሆን ነበረባቸው፤ ትምህርቱ የወደቀው ድንጋዩ ከመውደቁ በፊት ነው። መሐንዲስም ሕንፃ ሲነድፍ አንዱን ዓምድ በሐሳቡ ይነቅልና ጭነቱ ወደየትኞቹ ዓምዶች እንደሚዞር ያሰላል፤ የሕንፃው ጥንካሬ የሚታወቀው ባልደረሰው አደጋ ነው። በሕክምና ሙከራ መድኃኒቱን ያልወሰደው ቡድን የሚያስፈልገው የወሰዱት ባይወስዱ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር በእሱ በኩል ለማየት ነው። ኅብረተሰብን የሚያጠና ተመራማሪ ግን ሌላ ሐርጌሳ ሠርቶ፣ ለአንዷ ርዳታ ልኮ፣ ለሌላዋ ከልክሎ፣ ሃያ ዓመት ጠብቆ ማወዳደር አይችልም። ያለው መሣሪያ በሥርዐት የተገዛ ምናብ ነው።

የዚህ ሥርዐት ጥብቁ አርአያ ከኢኮኖሚ ታሪክ የመጣ ነው። ሮበርት ፎገል በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ባይዘረጋ ኖሮ አገሪቱ በ1890 ምን ያህል ትደኸይ ነበር ብለው ጠየቁ። በመጠየቅ ብቻ አላቆሙም። ባቡር በሌለበት አሜሪካ ገበሬና ነጋዴ እጃቸውን አጣጥፈው እንደማይቀመጡ ስለተረዱ፣ ይቆፈሩ የነበሩ የ5,000 ማይል የጀልባ ቦዮችን በካርታ ላይ ነደፉ፣ ወጪያቸውን አሰሉ፣ ባቡሩ ያስገኘው ትርፍ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከ5 በመቶ በታች እንደሆነ ደመደሙ። በመደምደሚያው ብዙዎች ተከራክረዋል፤ ክርክር የተቻለው ግን ያልነበረው አሜሪካ ቦዩ ሳይቀር በዝርዝር ተነድፎ ስለቀረበ ነው። የፊሊፕስን መጽሐፍ ሳነብ በአእምሮዬ የነበረው መለኪያ ይህ ነው።

መጽሐፉ መግቢያ፣ አምስት ምዕራፎችና መደምደሚያ አለው። መዋቅሩ ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርድ ነው፤ ከዓለም አቀፍ አስተሳሰብ ተነሥቶ፣ በአገር ደረጃ አልፎ፣ በልሂቃን መካከል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ተራው ሰው ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም በሚናገረው ነገር ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጉዳዩ የጣልቃ ገብነት ግዴታ ነው። «የከሸፈ አገር» የሚባለው በውጭ ገንዘብና በውጭ ዕውቀት ተቋማት ካልተገነቡለት ወደ ሁከት መመለሱ አይቀርም የሚለውን በለጋሾች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት ይመረምራል። ደራሲዋ ይህን እምነት በቀጥታ ከማጥቃት ይልቅ የተመሠረተበትን ያልተነገረ ግምት ያወጡታል፦ ርዳታ ሰጪው ሁሌ «እኛ ባንኖር ኖሮ» የሚል ሥዕል በልቡ ይዟል፣ ሥዕሉን ግን ከማንም ጋር አመሳክሮት አያውቅም። ይህ ጠንካራ አጀማመር ነው። ምዕራፉ ከጽንሰ ሐሳብ ጋር ብዙ ስለሚቆይ ግን ሐርጌሳን ለማየት የጓጓ አንባቢ መታገሥ አለበት።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሶማሊላንድን መገለል ይተርካል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደቡብ ሶማሊያ በ1993 እና በ1995 መካከል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያፈስ፣ በሰሜን በኩል የቦራማ ጉባኤ በ1993 መጀመሪያ ወራት ተከፍቶ እስከ ግንቦት ድረስ በአገሬው ሽማግሌዎች መሪነትና በአብዛኛው በአገሬው ስንቅ ተካሄደ። ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል አገራቸው ዕውቅና ስለሌላት ከዓለም ባንክም ሆነ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት መበደር አይችሉም ነበር። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ነጋዴዎች መለሱ፤ ባለ ሀብቶቹ አበደሯቸው፣ እሳቸውም ግብር አቀለሉላቸው፣ በተገኘው ገንዘብ ታጣቂዎችን ወደ ካምፕ አስገቡ፣ በ1994 አዲስ ሺሊንግ አሳተሙ። እዚህ ላይ የደራሲዋ ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባል። በምዕራፉ ርእስ ላይ ያለው ቃል «አንጻራዊ» መገለል ነው። ዓለም ሶማሊላንድን ፈጽሞ ረስቷት ነበር አይሉም፣ ብቻዋን የቆመች ተአምር አድርገውም አይስሏትም። ስለ ሶማሊላንድ የሚጻፉ ብዙ ሥራዎች በዚህ ወጥመድ ይወድቃሉ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ለንባብ ከሁሉም የሚስበው ነው። ከበርበራ ወደ ቡራኦ በሚያወጣው ተራራ ላይ ባለችው ሼክ ከተማ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዳርሊንግተን የመሩት አዳሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በዓመት 50 ያህል ልጆች ብቻ ይቀበላል፤ ከልዩ ልዩ ጎሳ የመጡት እነዚህ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ይማራሉ። ከዚያ ከወጡት ውስጥ ፕሬዚዳንቶች፣ ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ ሚኒስትሮች ተገኙ። ፊሊፕስ የሚሉት ትምህርት ቤቱ ሰላምን ፈጠረ አይደለም። በችግር ጊዜ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ቃል መመዘን የሚችል ሰዎች እንዲኖሩ አደረገ ነው። የሰው ለሰው ትስስር በፖለቲካ ሳይንስ ብዙ ጊዜ በደረቅ ቋንቋ ይነገራል፤ እዚህ ግን አንባቢ የመኝታ ክፍሉንና የመማሪያ ክፍሉን እያሰበ ሐሳቡን ይከተላል። የትረካና የትንተና ሚዛን በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ ምዕራፍ በተሻለ የተጠበቀበት ቦታ የለም።

አራተኛው ምዕራፍ በአገሬው ባለቤትነትና በጨዋታው ሕግ ላይ ነው። ጎሳን መሠረት ያደረገው የሥልጣን ክፍፍል፣ 82 አባላት ያሉት የሽማግሌዎች ምክር ቤት ጉርቲ፣ ከ2001 ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የመጡት ፓርቲዎችና ምርጫዎች እንዴት በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ያያል። የደራሲዋ ግኝት ያልተጠበቀ ነው፦ ሕጎቹ ልል ናቸው፣ ተቋማቱም ደካማ ናቸው፣ ሰላሙ ግን አለ። በዘመኑ አስተሳሰብ ይህ መሆን አልነበረበትም። ምዕራፉ ተቋማቱን ሲያብራራ ፈጠን ብሎ ያልፋል፤ የጥያቄው ክብደት ወዳለበት ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ለመሻገር የቸኮለ ይመስላል።

አምስተኛው ምዕራፍ የመጽሐፉ ልብ ነው። ፊሊፕስ የሶማሊላንድን ሰላም ያቆመው የተቋማት ጥንካሬ አይደለም ይላሉ፤ እንዲያውም ሰዎች ተቋማቱ ደካማ መሆናቸውን ማወቃቸው ነው። ጦርነት ቢነሣ የሚያቆመው ፖሊስ፣ የሚዳኘው ፍርድ ቤት፣ የሚገባ የሰላም አስከባሪ ጦር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አንድ ወጣት ድንጋይ ሲያነሣ፣ አንድ ፖለቲከኛ ጎሳውን ሲቀሰቅስ፣ በዙሪያው ያለው ሰው የሚያየው የዛሬዋን ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ከእሷ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን 1988 ነው። ሐርጌሳ መሃል አደባባይ በተሠራ መቆሚያ ላይ የተሰቀለው ሚግ የጦር አውሮፕላን ይህን ትውስታ በየቀኑ በሚያልፈው ሰው ፊት ያቆማል። ጦርነቱ ሩቅ አይደለም፣ በማንኛውም ቀን ሊመለስ ይችላል የሚለው ንግግር ራሱ የሰላም ሥራ ይሠራል።

የዚህን ሐሳብ ጥልቀት ለማየት የ2003ቱን የፕሬዚዳንት ምርጫ ማስታወስ ይጠቅማል። የምርጫ ኮሚሽኑ ዳሂር ሪያሌ ካሂን እንዳሸነፉ ሲያስታውቅ በእሳቸውና በአሕመድ ሲላንዮ መካከል የነበረው ልዩነት 80 ድምፅ ነበር። ተሸናፊው የንቅናቄው የቀድሞ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ አሸናፊው ደግሞ በዚያድ ባሬ መንግሥት የጸጥታ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰው። በሌላ አገር ይህ ቁጥር ለጦርነት ይበቃ ነበር። ሲላንዮ ቅሬታቸውን ለፍርድ ቤት አቀረቡ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ተቀበሉ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በ2010 በምርጫ አሸንፈው ሥልጣን ያዙ። በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ አቅም ሲላንዮን አላስገደደም፤ ፍርድ ቤቱ ጦር አልነበረውም። እሳቸውንና ደጋፊዎቻቸውን ያስገደዳቸው እምቢ ቢሉ የሚመጣውን በግልጽ ማየታቸው ነው። በፊሊፕስ ዓይን ሲታይ ይህ ታላቅ የምናብ ሥራ ነው፤ አንድ ሕዝብ ያልሆነውን ጦርነት በጋራ አስቦ፣ ውጤቱን በጋራ አስልቶ፣ በጋራ የሚሸሸው።

ደራሲዋ በዚህ ምዕራፍ ያደረጉት የተለየ ነገር ይህ ነው፦ «ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ምርመራ ከተመራማሪው ጠረጴዛ አንሥተው ለሐርጌሳ ሰው መለሱት። ፎገል ያልተቆፈሩትን ቦዮች ሲነድፉ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የ1890 ገበሬ ስለ ቦዩ አያውቅም። በፊሊፕስ መጽሐፍ ግን ያልሆነው ዓለም በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ አለ፣ ይነገራል፣ በምርጫና በገበያ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ሊሰበሰብ፣ በንግግር ትንተና ሊመረመር ይችላል። ምናብ የመመርመሪያ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሚመረመር ነገርም ሆነ። ይህ ለማኅበራዊ ሳይንስ ዘዴ የተበረከተ እውነተኛ አስተዋጽኦ ነው፤ ሶማሊላንድን ለማያውቅ አንባቢ እንኳ መጽሐፉን የሚያስነብብ ምክንያት ነው።

የመጽሐፉ ቋንቋ ከዚህ ጭብጥ ጋር ይስማማል። ደራሲዋ ቃለ መጠይቅ የሰጧቸውን ሰዎች ለጌጥ አያስገቧቸውም፤ ንግግራቸው ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ተመዝኖ ይገባል። ቃናው የተረጋጋ ነው፤ አገሩን የሚያውቅ፣ ሰዎቹን የሚያከብር፣ ግን የማያሞግስ። ስለ የመን ለብዙ ዓመታት ሲጽፉ የቆዩ በመሆናቸው፣ ተቋማት በሰነድ ላይ ጠንክረው በተግባር ሲንኮታኮቱ ያየ ሰው ጥርጣሬ በየገጹ ይሰማል። አልፎ አልፎ ዓረፍተ ነገሩ በጽንሰ ሐሳብ ስም ይጨናነቃል፤ በተለይ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ነጥብ በሁለት ሦስት ምሁራን ስም ከተደገፈ በኋላ ራሱ ነጥቡ የሚደበዝዝበት ቦታ አለ።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልለፍ፤ ከሁሉ የሚከብደው ከርእሱ ጋር የተያያዘ ነው። የሌለ ነገርን ምክንያት ለማድረግ፣ ያ ነገር ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በዝርዝር መነደፍ አለበት። ርዳታ ቢመጣ ኖሮ የትኛው ርዳታ? የሰላም አስከባሪ ጦር? የበጀት ድጋፍ? የእህል ርዳታ? ለኢጋል መንግሥት በቀጥታ የሚሰጥ ብድር? እነዚህ አራቱ አራት የተለያዩ ሐርጌሳዎችን ይሠራሉ። ብድሩ ኢጋልን ከነጋዴዎች ጥገኝነት ያላቅቅና ለሕዝቡ ያላቸውን ተጠያቂነት ያላላ ነበር ማለት ይቻላል። የሰላም አስከባሪ ጦር ደግሞ «የሚያድነን የለም» የሚለውን የጋራ ንቃት ያጠፋ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህ ከአምስተኛው ምዕራፍ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሙግት ነው። የእህል ርዳታ ግን ምናልባት ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር። ፊሊፕስ ለእነዚህ መንገዶች ፍንጭ ይሰጣሉ እንጂ አንዱንም እስከ ጫፍ አይከተሉም። ዓምዱ ተነቅሏል፤ ጭነቱ ወዴት እንደዞረ የሚያሳየው ስሌት ግን ለአንባቢ ተትቷል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። ርዳታ በ1992 አልነበረም፤ በቡራኦና በበርበራ ግን የንቅናቄው ወገኖች ተዋግተዋል። ርዳታ ከ1994 እስከ 1996ም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ በሐርጌሳና በቡራኦ ግን ጦርነት ተቀስቅሶ ብዙ ሰው እንደገና ተሰዷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ርዳታው ትንሽ ነበር፣ ሰላም ግን ሆነ። ሳይለወጥ የቆየ ምክንያት የተለወጠን ውጤት ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ደራሲዋ ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ወደ ንግግርና ወደ ትውስታ የሄዱት ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም የጦርነት ትውስታ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እየከበደ ይሄዳል። ከሁለቱ ዙሮች በኋላ «ዳግመኛ አይሁን» የሚለው ንግግር ለምን እንደጠነከረ በዓመት በዓመት ቢያሳዩን ኖሮ ሁለቱ ያልሆኑ ነገሮች በአንድ ክር ይታሰሩ ነበር።

የሼክ ትምህርት ቤትም ጥያቄ ያስነሣል። ያለ ውጭ እጅ የቆመች አገር በሚለው ትረካ መሃል በቅኝ ገዥ ገንዘብ የተመሠረተ፣ በእንግሊዛዊ ርእሰ መምህር የተመራ ተቋም ይገኛል። እርግጥ ዳርሊንግተን ለጋሽ ድርጅት አልነበሩም፣ የ1950ዎቹ ትምህርት ቤትም ከ1990ዎቹ የርዳታ ፕሮጀክት ጋር አንድ አይደለም። ሆኖም ያለፈው የውጭ እጅ ውጤት ሲቆጠር፣ ከመጽሐፉ የሚወጣው ትምህርት «ርዳታ አያስፈልግም» ሳይሆን «የትኛው ርዳታ፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ» የሚል ይሆናል። ምዕራፉ ይህን ጥያቄ በር ድረስ አምጥቶ አልከፈተውም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። በ1988 ሚያዝያ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ የተስማሙት አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይረዱ ነበር፤ ንቅናቄው ከኢትዮጵያ ምድር መውጣት ሲኖርበት በግንቦት መጨረሻ ወደ ቡራኦና ወደ ሐርጌሳ ገባ፣ ከተማይቱ የተደበደበችው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ስምምነት ባይፈረም ኖሮ የሐርጌሳ ትውስታ ሌላ ይሆን ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ከቤቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሶማሊላንድን በ1990ዎቹ መገለል ብቻ ማስረዳት የሠራት የ1980ዎቹ ጎረቤትነት እንዲረሳ ያደርጋል።

ንጽጽሩም ተጨማሪ ምሰሶ ይፈልጋል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል በ1998 የተመሠረተችው ፑንትላንድ ለዚህ ዓይነት ምርመራ ተስማሚ ናት፤ ሽማግሌዎች አሏት፣ ጉባኤ አድርጋለች፣ እንደ ደቡቡ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አላጥለቀለቃትም። ከሶማሊላንድ ጋር ጎን ለጎን ብትቀመጥ የትኛው ልዩነት ምን እንደሠራ ለመለየት ትረዳ ነበር። መጽሐፉ ለእሷ የተለየ ምዕራፍ አልሰጣትም፤ ከሞቃዲሾና ከለጋሾች አስተሳሰብ ጋርም ያወዳድራል። ከሞቃዲሾ ጋር ማወዳደር ደግሞ አንድ ነገር ሳይሆን ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መቀየር ነው፦ የቅኝ አገዛዙ ዓይነት፣ የጎሳው ስብጥር፣ የከተማው ስፋት፣ የጦር አበጋዞቹ ብዛት።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የመጣው ፈተና ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። በታኅሣሥ 2022 በምሥራቋ ከተማ በላስ አኖድ ተቃውሞ ተነሣ፤ በየካቲት 2023 ጦርነት ሆነ፤ በነሐሴ የሶማሊላንድ ጦር በከተማው ዙሪያ የነበረውን ዋና ሰፈሩን አጣ። ይህ የፊሊፕስን ሙግት ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ጎዶሎውን ግን በግልጽ ያሳያል። ሙግቱ እንደሚለው ሰላሙን የሚጠብቀው የጋራ ትውስታና የጋራ ፍርሃት ከሆነ፣ ሊጠየቅ የሚገባው የማን የጋራ ነው የሚል ነው። የ1988 ሐርጌሳ ለማዕከላዊው ሕዝብ የአገር መነሻ ታሪክ ነው። በምሥራቅ በኩል ላለው፣ በአብዛኛው በንቅናቄው ውስጥ ላልነበረው ሕዝብ ያው ታሪክ የራሱ አይደለም። ያልሆነውን ጦርነት ሁሉም በአንድ ዓይን አያየውም፤ ለሐርጌሳ ነጋዴ የጥፋት መመለስ የሆነው ለላስ አኖድ ሽማግሌ የራስን ዕድል የመወሰን ጥያቄ ሊሆን ይችላል። «የሶማሊላንድ ሰዎች» የሚለው ስያሜ በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ አካል ሆኖ ይናገራል። ምሥራቁ የራሱ ምዕራፍ ቢኖረው ኖሮ የሙግቱ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ ከጦርነቱ በፊት በታየ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥላ አለ። ጦርነት ይመለሳል የሚል ፍርሃት ሰላምን እንደሚጠብቅ ሁሉ አፍ ሊዘጋም ይችላል። በ2015 ሊደረግ የነበረው የፕሬዚዳንት ምርጫ በ2017 ተደረገ፤ በ2022 ሊደረግ የነበረው በ2024። የጉርቲ አባላትም ለብዙ ዓመታት በሕዝብ ሳይመረጡ ቆይተዋል። የሰላም ንግግር በሥልጣን ላይ ላለው ሰው «አሁን አትንኩት» የሚል ጋሻ ይሆናል። ደራሲዋ የዚህን ንግግር አግላይነት አይዘነጉትም፤ ነገር ግን ሰላሙን የሚያስረዳው ኃይልና ፍትሕን የሚያዘገየው ኃይል አንድ መሆናቸው ከሚሰጡት ቦታ የበለጠ ይገባው ነበር።

እነዚህ ወቀሳዎች ሁሉ አንድ መነሻ አላቸው፤ መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ ከሚመልሰው ይበልጣል። ይህን የምለው በአክብሮት ነው። በአፍሪካ ቀንድ ላይ ከሚታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ ተቋም ይቆጥራሉ፣ ርዳታ ይደምራሉ፣ በመጨረሻም ተጨማሪ ርዳታና ተጨማሪ ተቋም ይጠይቃሉ። ፊሊፕስ ያልመጣውን፣ ያልተተኮሰውን፣ ያልተነሣውን እንደ ማስረጃ ለመያዝ ደፈሩ። መደምደሚያቸው ርዳታ ከምናስበው ያነሰ ይመዝናል የሚል ነው፤ ርዳታ ጎጂ ነው አይሉም፣ ሌሎች አገሮች ሶማሊላንድን ይቅዱ አይሉም። ይህ ቁጥብነት ትክክል ነው። የሚጎድለው በተቃራኒው በኩል ያለው ድፍረት ነው፦ ርዳታ ቢመጣ ኖሮ የምትኖረውን ሐርጌሳ እስከ ገበያዋና እስከ ምክር ቤቷ ድረስ መሳል።

የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም የማዘጋጀት ዕድል ቢኖር የምጠይቀው ሦስት ከተሞችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ምዕራፍ ነው፦ ቦራማ፣ ላስ አኖድ እና ጋሮዌ። ቦራማ በአብዛኛው ከንቅናቄው ውጭ የነበረ ሕዝብ የሚኖርባት ሆና በ1993 ለጉባኤው በሯን ከፈተች። ላስ አኖድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጦርነት ተለየች። ጋሮዌ ደግሞ ከመጀመሪያው በሌላ አስተዳደር፣ በፑንትላንድ፣ ሥር ናት። ሦስቱም ከሐርጌሳ ትውስታ ያላቸው ርቀት የተለያየ ነው። በእያንዳንዷ «ጦርነት ቢነሣ» ሲባል ሰዎች ምን እንደሚያዩ ቢሰበሰብ፣ የፊሊፕስ ግሩም ግኝት የት እንደሚሠራና የት እንደሚያቆም ይለካ ነበር። ለዚህ ሥራ ከጅግጅጋና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚነሣ ተመራማሪ ከሲድኒ ከሚመጣው ይልቅ ቅርብ ነው፤ የሐርቲሼክን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች በድንበሩ በሁለቱም በኩል አሉና።